ትኩስ ዓሣ በባቡርና በመርከብ

በስተ ሰሜን፣ ከአውሮፓ አገሮች ጫፍ ላይ፣ ኖርዌይ የምትባል አገር አለች። አገሪቱ ረጅምና ቀጭን ናት። በአንድ ጎኗ ተራራ፣ በሌላው ጎኗ ባሕር ነው። በሰሜኑ ባሕር ውስጥ ሎፎተን የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውሃ የተከበበ መሬት ነው። የሎፎተን ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ዓሣ አጥማጆች ናቸው። እስቲ ዛሬ ከዚያ ተነሥተን ከዓሣው ጋር በሐሳብ እንጓዝ።

በመጋቢት ወር ወደ ሎፎተን የሄደ ሰው ቆጡን ሳያይ አያልፍም። በየመንደሩ ዳር ከእንጨት የተሠራ ትልቅ ቆጥ ቆሟል። ዓሣው ጥንድ ጥንድ ሆኖ በጅራቱ ይታሰርና በቆጡ ላይ ይሰቀላል። ብርዱና ነፋሱ ያደርቀዋል። ጨው እንኳ አይደረግበትም። እኛ ቋንጣ እንደምንሰቅለው ማለት ነው። ሲደርቅ እንደ እንጨት ይጠነክራል። ለብዙ ጊዜ ቢቀመጥ አይበላሽም። የሎፎተን ሰዎች ይህን የዓሣ ቋንጣ ወደ ሩቅ አገር መሸጥ ከጀመሩ ከ800 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። በመርከብ ቀስ ብሎ ይሄድ ነበር። አንድ ወር ቢዘገይስ ምን ቸገረው? ቋንጣ አይቸኩልም።

የሚያስቸኩለው ትኩሱ ዓሣ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ ኖርዌዮች ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ባሕር ውስጥ በትልልቅ መረብ ከልለው ያረባሉ። ከብት በበረት እንደሚረባ መሆኑ ነው። ዛሬ ኖርዌይ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሳልሞን ለውጭ አገር ትሸጣለች። አንድ ቶን 10 ኩንታል ነው። ገዢው ግን ሩቅ ነው። ፖላንድ አለ፣ ፈረንሳይ አለ፣ ዴንማርክ አለ። የሚፈልገውም ያልደረቀውን፣ ትኩሱን ነው።

ዓሣው ሆድ ዕቃው ወጥቶ ይታጠብና በነጭ የፎም ሣጥን ውስጥ ይደረደራል። በላዩ በረዶ ይነሰነስበታል። አንዱ ሣጥን 20 ኪሎ ያህል ዓሣ ይይዛል። እንዲህ በበረዶ በደንብ ከተያዘ 2 ሳምንት ያህል ይቆያል። እንግዲህ አስቡት። 4 ቀን በመንገድ ላይ ካለቀ ለሻጩ የሚቀረው 10 ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ አብዛኛው ዓሣ በመኪና ይሄዳል። መኪና ባሕርይው ጥሩ ነው። ዓሣው እንደ ተዘጋጀ ከደጅ ጭኖ ይነሣል፤ ሰዓት ጠብቁ አይልም። አንድ ተሳቢ መኪና ወደ 20 ቶን የሚጠጋ ይጭናል። ነገር ግን ከሎፎተን የሚወጣው ዋና መንገድ አንድ ነው። ብዙ ቦታ ላይ ጠባብ ነው፤ በመንደሮች መካከል ያልፋል። ልጆች በዚያው መንገድ ይሻገራሉ። በብርዱ ወራት ደግሞ መሬቱ በረዶ ይሠራና እንደ መስተዋት ያንሸራትታል። በዲሴምበር ወር ለሳምንታት ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ሾፌሩ ዳገት ሲደርስ ይወርድና በጨለማ ጎማው ላይ ሰንሰለት ያስራል። ከኋላው 20 ቶን ዓሣ አለ። ከፊቱ ቁልቁለት አለ።

ሾፌሩም ሰው ነውና መተኛት አለበት። በዚያ አገር ሕግ አንድ ሾፌር በቀን 9 ሰዓት ይነዳል። በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ 10 ሰዓት ይፈቀድለታል። አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ ማረፍ ግዴታው ነው። ከሰሜኑ እስከ ዋና ከተማው እስከ ኦስሎ በመኪና ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብቻውን የሚነዳ ሰው ይህን ሲጨርስ ሦስተኛ ቀኑን ይይዛል። ዓሣው ደግሞ ከኦስሎ በኋላ ገና ብዙ ይቀረዋል።

አሁን ወደ ባቡሩ እንምጣ። ከሎፎተን በስተ ምሥራቅ ናርቪክ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። ባሕሩ በብርዱ ወራት እንኳ አይረጋም፤ ከደቡብ የሚመጣ ሞቅ ያለ ውሃ አለው። ከጎረቤት አገር ከስዊድን፣ ኪሩና ከሚባል ቦታ፣ የብረት ማዕድን የሚያመጣ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ። ሠራተኞች ተራራውን በእጅና በድማሚት ፈልፍለው ነው ያወጡት። ያ ሐዲድ የተሠራው ለድንጋይ እንጂ ለዓሣ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1993 ግን ከናርቪክ ወደ ኦስሎ የሚሄድ የዕቃ ባቡር ተጀመረ። አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ከናርቪክ ወደ ደቡብ በኖርዌይ መሬት ላይ ሐዲድ የለም። የአገሪቱ የራሷ ሐዲድ ቦዶ ከሚባል ከተማ ሲደርስ ያበቃል። ስለዚህ ባቡሩ ወደ ስዊድን ይሻገራል፣ ስዊድንን ቁልቁል ይወርዳል፣ ከዚያ ተመልሶ ኖርዌይ ይገባል። ዙሪያ ጥምጥም ነው። ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቢሆንም ከአንድ ቀን ጥቂት ሰዓት በሚበልጥ ጊዜ ኦስሎ ይደርሳል። እንዴት? ባቡር አይተኛማ! አንዱ ነጂ ሲደክመው በጣቢያ ይወርዳል፣ ሌላው ይተካዋል። ጎማው ብረት፣ መንገዱም ብረት ስለሆነ ብዙ ጭነት በትንሽ ጉልበት ይጎተታል። የሚሄደውም በኤሌክትሪክ ነው።

ዓሣው ከሎፎተን እስከ ናርቪክ የሚመጣው ያው በመኪና ነው። እዚያ ሲደርስ ከነኮንቴይነሩ በክሬን ተነሥቶ ባቡሩ ላይ ይቀመጣል። ኮንቴይነር ማለት ትልቅ የብረት ሣጥን ነው፤ ይኸኛው የራሱ ማቀዝቀዣ አለው። ባቡሩ ሰዓቱ ሲደርስ ይነሣል። የዘገየ ዓሣ ይቀራል። ዓሣ አዘጋጆቹ ከመኪና ወደ ባቡር ለመዞር የሚያመነቱት አንዱ በዚህ የተነሣ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አህያ እህል ጭና ገበያ ወርዳ ባዶዋን ብትመለስ ግማሽ ድካሟ ከንቱ ነው። ጨው ጭና ብትመለስ ግን መንገዷ ሁለት ጊዜ ተጠቀመ። ይህም ባቡር እንደዚያው ነው። ዓሣ ይዞ ይወርዳል፤ ለሰሜኑ ሰው ምግብና የሱቅ ዕቃ ይዞ ይመለሳል። በእኔ አስተያየት ባቡሩን ይህን ሁሉ ዓመት ያቆየው የመልሱ ጭነት ነው።

ከኦስሎ ወዲያ ባሕር አለ። ተሳቢው በጀርመን አገር ወደምትገኘው ወደ ኪል ከተማ በሚሄድ ትልቅ የማሻገሪያ መርከብ ሊገባ ይችላል። ጉዞው 20 ሰዓት ያህል ነው። ማቀዝቀዣው ከመርከቡ ኤሌክትሪክ ያገኛል። ሾፌሩ አብሮ ከገባ ይተኛል፤ ካልገባም ተሳቢው ብቻውን ይሻገርና በወዲያኛው ወደብ ሌላ ሾፌር ይረከበዋል። ድሮማ ሐዲድ በሆዱ የያዘ መርከብም ነበር። ከስዊድን ወደብ ከትሬሌቦሪ ወደ ጀርመን ወደ ሳስኒትስ፣ ፉርጎው ከነጭነቱ እየተገፋ መርከብ ውስጥ ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 ተጀምሮ በ2020 ቆመ።

ይህ ሁሉ ሲሆን የናርቪክ ሐዲድ ነጠላ ነው። የሚወጣውም የሚወርደውም በእሱ ላይ ነው። የማዕድኑ ባቡርና የዓሣው ባቡር በየመተላለፊያው እየተጠባበቁ ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 በስዊድን በኩል አንድ የማዕድን ባቡር ከሐዲዱ ወጣ። ብዙ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ተበላሸ። በዚያ ብርድና በረዶ ጥገናው 2 ወር ያህል ፈጀ። በፌብሩዋሪ 2024 መሥመሩ ተከፈተ ሲባል፣ በቀናት ውስጥ ሌላ የማዕድን ባቡር ደግሞ ወጣ።

ዓሣው ይህን ሁሉ አይጠብቅም። ሣጥኑ እንደገና ወደ መኪና ተጫነ። ባቡር ይጭነው የነበረው ሁሉ በዚያ በሚያንሸራትተው መንገድ ላይ፣ በጨለማው ወር፣ ሾፌሮች ላይ ወደቀ። ለሱቆቹ ከደቡብ የሚመጣው ምግብም እንዲሁ። የናርቪክ ሰዎች ከዚያ በፊትም ሐዲዱ ሁለት ይሁን እያሉ ይጠይቁ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጥያቄያቸው በረታ። አሁን ባቡሩ ይሄዳል። ሐዲዱ ግን ዛሬም ነጠላ ነው።