ጭረቱን ሻጩ የሚቆጥርበት ገበያ

ቶኪዮ ውስጥ አሮጌ ሸክላ ለመፈለግ ከሺንጁኩ ባቡር ጣቢያ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ዲስክ ዩኒየን የሚባለው ድርጅት ብቻውን አካባቢውን በሙዚቃ ዓይነት ተከፋፍሎታል፤ ጃዙ ለብቻው፣ ሮኩ ለብቻው፣ ሶሉ ለብቻው ሱቅ ወይም ፎቅ አለው። ደንበኛው ባብዛኛው ጠና ያለ ወንድ ነው። ቦርሳውን እግሩ ሥር አስቀምጦ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ሸክላዎቹን በሁለት ጣቱ አንድ በአንድ ወደ ራሱ እየሳበ ያልፋል። ወሬ የለም። እያንዳንዱ ሸክላ ጥርት ያለ ላስቲክ ስለለበሰ የሚሰማው የላስቲክ ኮሽታ ብቻ ነው።

እኔን የያዘችኝ ላስቲኩ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ናት። ከዋጋው ጎን ሁለት ደረጃ ተጽፏል፤ አንዱ የሽፋኑ፣ ሌላው የሸክላው። ከሥሩ የነውር ዝርዝር ይከተላል፤ ሽፋኑ ጥጉ ላይ ታጥፏል፣ የውሃ እድፍ አለበት፣ በሁለተኛው ገጽ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ጭረት አለ። ይህን ሁሉ የጻፈው ሻጩ ራሱ ነው። ምናለሽ ተራ ዕቃ ገዝቶ ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል። እኛ ዘንድ ማወደስ የሻጭ፣ ማንቋሸሽ የገዢ ድርሻ ነው፤ ገዢው ሽፋኑ መቀደዱን፣ ቀለሙ መልቀቁን እያነሳ ነው ዋጋ የሚያስወርደው። እዚህ ሻጩ የእኔን ሥራ ቀድሞ ጨርሶታል። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ለማለት ምን ሰበብ ላቅርብ?

ደረጃ መስጠቱን ጃፓኖች አልፈጠሩትም። በዓለም ገበያ አብዝቶ የሚጠቀሰው መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ጎልድማይን የተባለ የሰብሳቢዎች መጽሔት የሚጠቀምበት ነው። ከሁሉ በላይ «ሚንት» አለ፤ ጠንቃቃ ሻጭ ግን አንዴ ለተጫወተ ሸክላ አይሰጠውም። ቀጥሎ «ኒር ሚንት»፣ «ቬሪ ጉድ ፕላስ»፣ «ቬሪ ጉድ»፣ «ጉድ» እያለ ይወርዳል። ስሙ አያታልል፤ «ጉድ» የተባለው ሸክላ ከዘፋኙ እኩል የሚንጫጫ ነው። በጎልድማይን ልማድ «ኒር ሚንት» ሆኖ 100 ዶላር የሚያወጣው «ቬሪ ጉድ ፕላስ» ሲባል 50፣ «ቬሪ ጉድ» ሲባል 25 ዶላር ይሆናል። የጃፓን ሱቆች ስሙን ትተው በፊደል፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ብለው ይጽፋሉ። በፊደሉም ቢሆን ቆጣቢዎች ናቸው ይባላል፤ የእነሱ ቢ ሌላ አገር ኤ ሊባል ይችላል።

ወረቀቷን ያላመነ ገዢ «ኬንባን» ብሎ ይጠይቃል፤ ሸክላው ወጥቶ ይመረመርለታል። እዚያው ቶኪዮ፣ ሺሞኪታዛዋ በሚባለው ሰፈር ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ገብቼ ባለሱቁ ሽማግሌ ይህን ሲያደርጉ ቆሜ አየሁ። ጥቁሩን ገጽ በጣት መንካት ነውር ስለሆነ ጠርዙንና መሐሉን ብቻ ይዘው አወጡት። መጀመሪያ መጣመም አለመጣመሙን ለማየት ከዓይናቸው ጋር አስተካክለው አግድም ያዙት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ባለው ብርቱ መብራት ሥር እያዘነበሉ አዞሩት፤ ፊት ለፊት ሲታይ አዲስ የሚመስል ሸክላ ብርሃን በጎን ሲመታው ጉዱ ይወጣል። ከወረቀቱ ሲወጣና ሲገባ የሚቀርበት ቀጭን መስመር አይሰማም። በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ ጭረት ግን መርፌውንም ይይዛል። በመጨረሻ የመሐሉን ቀዳዳ ዙሪያ ተመለከቱ። እዚያ የሸረሪት ድር የሚመስሉ ቀጫጭን መስመሮች ከበዙ፣ ባለቤቱ በጨለማ ወይም በሞቅታ ቀዳዳውን እየሳተ ደጋግሞ አጫውቶታል ማለት ነው።

ኦቢ የሚሉት ነገርም አለ። ሽፋኑን በአንድ ጎን የምትታቀፍ የወረቀት መቀነት ናት። ብዙ ሰው ገዝቶ ቤቱ ሲገባ ይጥላት ስለነበር፣ እሷ ያልጠፋችበት ሸክላ ዛሬ ዋጋው ይዘላል። ቶሺባ በ1960ዎቹ አቧራ እንዳይስብ ብሎ በቀይ ቀለም ያተማቸው ሸክላዎችም ፈላጊያቸው ብዙ ነው። ቀዩን እረዳለሁ፤ ዓይን ይስባል። ለመቀነቷ ግን እኔ አልከፍልም።

ከሽማግሌው ሱቅ «አፍሪካ» ከሚለው ሳጥን ውስጥ አምሃ ሪከርድስ የተባለው የአገራችን አሳታሚ ያወጣው ባለ 45 ዙር ትንሽ ሸክላ ወጣ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራውን ሲጀምር ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ድንጋጌ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ እሱ የመጣው ይምጣ ብሎ ገባበት። ማተሚያው አገር ውስጥ ስላልነበረ፣ የድምፃዊው የዓለማየሁ እሸቴ የመጀመሪያው ሸክላ የታተመው ህንድ ሄዶ ነው። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎች አወጣ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የድሮ የኢትዮጵያ ሙዚቃ እየሰበሰበ ያዘጋጀው ኢትዮፒክስ የተባለው የአልበም ተከታታይ መውጣት ሲጀምር፣ በ2005 ደግሞ የፊልም ዳይሬክተሩ ጂም ጃርሙሽ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ፊልሙ ውስጥ ሲያስገባ፣ የውጭ ሰብሳቢ እነዚያን ሸክላዎች ማደን ያዘ።

ንጹሑን ማግኘት ግን ጭንቅ ነው። ትንሹ ሸክላ የተገዛው ለመጨፈር ነበር፤ ቡና ቤት ውስጥ ተሽከርክሯል፣ ግብዣ ዞሯል፣ ከእጅ እጅ አልፏል። ይህ መለኪያ ደግሞ ከፍ ያለውን ፊደል የሚሰጠው ብዙ ላልተደመጠው ነው። ብዙ የተወደደው ሲ ያገኛል፣ ማንም ያልፈለገው ኤ።

የእኔውም ሲ ነበር፤ ከፊደሉ ሥር «ተጽፎበታል» ይላል። ገልብጬ አየሁት። መሐሉ ባለው ክብ ወረቀት ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የባለቤቱ ስም፣ ከስሙ ቀጥሎ «ለማንም አይዋስም» ተብሏል። ሽማግሌው ምን እንደሚል በእጃቸው ጠየቁኝ። በምታግባባን ጥቂት እንግሊዝኛ ነገርኳቸው፤ ሳቁ። ታሪክ ያለው ሆኗልና ደረጃውን ከፍ ያደርጉለት እንደሆን ጠየቅሁ። ጽሑፍ ጽሑፍ ነው አሉኝ። ወረቀቷን ልጠው አዲስ ለጠፉ፤ ሲዋም ዋጋውም እንደነበሩ ናቸው፣ «ተጽፎበታል» ከሚለው ጎን ግን ያልኳቸውን በጃፓንኛ አሰፈሩበት።