ሳነቴ ላይ የቀረ ፎቶግራፍ

በጅማ ከተማ፣ በቦሳ አዲስ ቀበሌ ተወልዶ ላደገ ሰው በረዶ ማለት ከክረምት ዝናብ ጋር ወርዶ የቤቱን ቆርቆሮ የሚደበድብ፣ ልጆችም በእፍኛቸው ሳይጠግቡት የሚቀልጥ ነገር ነው። ምድርን ሸፍኖ የሚከርም በረዶ መኖሩን በዓይኔ ያየሁት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ መጽሐፍ ነው። በዚያ ውስጥ ፍራንክ ኸርሊ የተባለው አውስትራሊያዊ ከሻክልተን ጋር ወደ ደቡብ ዋልታ ምድር ሲጓዝ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ነበሩ። መርከባቸው ኢንዱራንስ በ1915 እ.ኤ.አ. በበረዶ ተጨፍልቃ ስትሰበር ይህ ሰው ወደ ቀዝቃዛው ውኃ ገብቶ ፎቶግራፍ ያነሣባቸውን መስታወቶች አወጣ። ነገር ግን ሁሉን መሸከም ስላልተቻለ ሁለቱ በበረዶው ላይ ተቀምጠው ወደ 120 ያህሉን አስቀሩ፤ ወደ 400 የሚሆኑትንም ኋላ ሐሳብ እንዳይለውጡ እዚያው ሰባበሩ።

እኔ በዚያ ዕድሜ ከታሪኩ ሁሉ የወደድሁት ይህን መስበር ነበር። እውነተኛ ፎቶግራፍ አንሺ እንዲህ መሆን አለበት እል ነበር። ደግሞም የዋልታ ሥዕል ባዶ ምድር፣ አውሬና ሰማይ ብቻ ያለበት እንጂ ሰው የሚገባበት አይደለም ብዬ አመንሁ።

ወደ ዋልታ የሚሄድ መርከብ ለመሳፈር የአንድ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ደመወዝ እንደማይበቃ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ምኞቴን ይዤ ዝም ብዬ ነበር። በ2016 ዓ.ም. መስከረም የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ መግባቱን በሬዲዮ ሰማሁ። ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ስለሚለው ስለ ሳነቴ አምባና ስለ ውርጩ ሲነገር፣ ለካ የእኔ ዋልታ በአገሬ ውስጥ ኖሯል አልሁ። ዕቁቤ በወጣ ጊዜ አንድ ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ፤ እናቴ ያን ገንዘብ ለኩሽናው ክዳን አስባው እንደ ነበር አውቃለሁ። በታኅሣሥም የዓመት ዕረፍቴን ወስጄ ተነሣሁ። የመንገዱን ነገር ላሳጥረው፤ ከጅማ አዲስ አበባ፣ ከዚያም በሻሸመኔና በዶዶላ አድርጌ አቧራ ጠግቤ ጎባ ደረስሁ።

በማግሥቱ ከአጃቢዬ ጋር ፀሐይ ሳትወጣ አምባው ላይ ነበርን። ሣሩ ሁሉ ነጭ ሆኗል፤ ትንንሾቹ ኩሬዎች ላያቸው እንደ መስታወት ረግቷል፤ ጅብራዎቹ ከጉም ውስጥ እንደ ዘበኛ ቆመዋል። ቱሉ ዲምቱ፣ 4377 ሜትር የሚሆነው ጫፍ፣ ከሩቅ ሲታይ የዳቦ ያህል ዝቅ ያለ ይመስላል፤ የቆምንበት ምድር ራሱ ከፍተኛ ስለ ሆነ ነው። የካሜራው ባትሪ በብርዱ ደከመብኝ፤ አውጥቼ በብብቴ እያሞቅሁ መልሼ እከታለሁ። ጣቶቼ ግን የሚሞቁበት አልነበረም።

ከአንድ ቋጥኝ ሥር ጭስ አየን። ዐሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ እረኛ ልጅ ኩበት አንድዶ ከውሻው ጋር ተቀምጧል። አጃቢዬ ስለ እሳቱም ስለ ውሻውም ፊቱን አጠቆረ። ልጁ ግን ጣቶቼን አይቶ ምንም ሳይናገር ከእሳቱ ጥግ ገለል አለልኝ። በኦሮምኛ ስንነጋገር የጅማ አነጋገሬ አሳቀው። ፎቶግራፍ እንዳነሣው ጠየቀኝ፤ ከውሻው ጋር አነሣሁት። «ይልኩልኛል?» አለኝ፤ «አዎን» አልሁት።

ብዙም ሳይቆይ ልጁ ብርድ ልብሱን በውሻው ላይ ጥሎ አፉን በሁለት እጁ ያዘ፤ በአገጩም ወደ ግራ አመለከተኝ። ቀይ ቀበሮ ነበር። እግሩ ቀጭን፣ አፈ ሾጣጣ፣ ጠጕሩ በዚያ ነጭ ምድር ላይ እንደ ፍም የቀላ፤ በዓለም ካሉት ከ500 የማይበልጡ ቀይ ቀበሮዎች አንዱ። ከፍልፈሉ ጉድጓድ አጠገብ ሆዱን መሬት አስነክቶ ያደባል። ካሜራውን ብጫነው እንቢ አለ፤ የበረዶና የጅብራ ሥዕል ስሰበስብ ካርዱ ሞልቶ ኖሯል። ያን ጊዜ ኸርሊ ትዝ አለኝ። በደነዘዘ ጣት ሰው ያለባቸውን ሥዕሎች እየመረጥሁ ደመሰስሁ፤ የልጁም ከእነርሱ ጋር ሄደ። እርሱ በዚያ ሰዓት ቀበሮው ስለ እኔ እንዳይሸሽ የውሻውን አፍ ይዞ ነበር። ዐሥራ አንድ ጊዜ ያህል አነሣሁ። ልጁ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ አምባውን አቋርጠን በደቡብ በኩል ወደ ሐረና ጫካ ወረድን። ከውርጭ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ ከበቀለ ቡና ዘንድ ደረስሁ። እኛ ጅማዎች የጫካ ቡና ያለ እኛ የለም ባዮች ነንና ጥቂት ቅር እያለኝ ሁለት ሲኒ ጠጣሁ።

ቤት ስገባ እናቴ ቡናዋን እየቆላች ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አየች። ስለ ኩሽናው ክዳን አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ጉዞዬን ስተርክላት ቆይታ፣ «እሳት ያነደደልህ ልጅ የታለ?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። ቦታ ጠበበኝ ብላት ለማን ይገባል?

ከዚያ ወዲህ ያነበብሁት ሁሉ ያንኑ ጥያቄ ያነሣብኛል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣ የሊቃውንት ጥናት እንዳስረዳው፣ በባሌ ፊንጫ ሐበራ በተባለው፣ 3469 ሜትር ላይ ባለ የዋሻ መጠለያ፣ ከ47000 እስከ 31000 ዓመታት በፊት ሰዎች ይኖሩ ነበር፤ በተራራው አናት የበረዶ ግግር በነበረበት ዘመን ግዙፉን ፍልፈል ጠብሰው ይበሉ ነበር። እኔ ባዶ ነው ያልሁት ምድር እሳት የነደደበት ያን ያህል ዘመን ነው! ስለ ውሻውም አነበብሁ፤ ውሾች የሚያመጡት የእብድ ውሻ በሽታ በ1996 እና በ2001 ዓ.ም. በባሌ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። አጃቢዬ ፊቱን ያጠቆረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቀበሮውን ለእኔ ያቆየው እጅና ቀበሮውን ሊያጠፋ የሚችለው አፍ በአንድ ሥዕል ውስጥ ነበሩ፤ የደመሰስሁትም ያንኑ ነው። የእንግሊዙ ስኮት ከአራት ጓደኞቹ ጋር በ1912 እ.ኤ.አ. ደቡብ ዋልታ በደረሰ ጊዜ እንኳ አንዱ፣ ቦወርስ የሚባለው፣ በክር ስቦ ያነሣው ሥዕል የበረዶ አልነበረም፤ የአምስት የደከሙ ሰዎች ነበር። አምስቱም ሲመለሱ በመንገድ ሞቱ።

ወደ አጃቢዬ ስልክ ደውዬ ልጁን እንዲፈልግልኝ ለመንሁት። «ከብቶቹ ወደ ቆላ ወርደዋል፤ እረኛውም ብዙ ነው፤ የትኛው ነው?» አለኝ። የማሳየው መልክ የለኝም።

የቀበሮውን ሥዕል ጅማ ፎቶ ቤት ወስጄ በትልቁ አሳተምሁት። ባለሙያው በኮምፒዩተሩ ላይ አተኩሮ ሲያየው ቆየና በግራው ጥግ ያለችውን ግራጫ ነገር በጣቱ አሳየኝ፤ «እድፍ ናት፤ ላጥፋልዎት?» አለኝ። የኩበቱ ጭስ ነበረች። ተዋት አልሁት።