ጧት ንቁ፣ ከቀትር በኋላ ሰነፍ

ወዳጄ አንባቢ ሆይ፤ አንተም እንደ እኔ በቀን የመንግሥት ሠራተኛ፣ በማታ ተማሪ ከሆንህ ይህ ነገር ይመለከትሃል። እዚህ አዳማ በቤቴ ያለችው ላፕቶፕ ከሰው እጅ የገዛኋት ናት። የሁለት ዓመት ድካሜ የሆነው የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው በእርስዋ ሆድ ብቻ ነበር። (ገልብጦ ማስቀመጥ እንደሚገባ አውቅ ነበር፤ አላደረግሁትም እንጂ።)

ግንቦት ሲገባ ታመመችብኝ። አንድ ፊደል ነክቼ እስኪታይ ድረስ ቡና ይፈላል ባልልም፣ ስኒው ታጥቦ ይቀርባል። ኮምፒዩተር ወደሚጠግን ሰው ብወስዳት፣ ገና ሳይከፍታት «ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ትደረግ» አለኝ። እሺ ልለው ስል ጽሑፌ ትዝ አለኝና ታቅፌያት ወጣሁ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ ስላጣሁ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ብከፍታት እንደ ሚዳቋ ሮጠች! ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ግን እንደገና ተንቀረፈፈች። ቫይረስ ሰዓት እየለየ ይይዛልን? ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች ባንድነት ስትጫን የማሽኑን ሥራ የሚያሳይ ሰሌዳ ይከፈታል። በዚያ ላይ ጧት 2.6 ጊጋኸርዝ የነበረው የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ከቀትር በኋላ 0.8 ሆኖ አገኘሁት። ፕሮሰሰር ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ እንዳይቃጠል ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳልና።

የአዳማን የግንቦት ቀትር ከቆርቆሮ ክዳን በታች ያሳለፈ ሰው አይደነቅም። ነፋሳችንም አለ፤ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የአዳማ ሁለት የነፋስ ኃይል ማመንጫ የሚያዞረው ያው ነፋስ አቧራውን አንሥቶ በእኔ ቤት ይደፋዋል። እኔም በበኩሌ ፍራሽ ላይ፣ ያውም ጋቢ አንጥፌ ስለማስቀምጣት፣ የአየር መግቢያዋን በገዛ እጄ ደፍኜዋለሁ።

አጥፍቼ፣ ከመብራት ነቅዬ፣ ብሎኖችዋን ፈትቼ ባትሪዋን አለያየሁ። በማራገቢያውና በአየር መውጫው መካከል አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተጋድሞ ነበር። ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣቴ ይዤ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁት። ከሥርዋ ሁለት እንጨት አግብቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርኋት። በማግሥቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ 2.4 አሳየች።

ባቱ ያለችው እኅቴ ይህን ሰምታ የራስዋን ብትጠርግ ምንም አልተለወጠም። የእርስዋ ማሽን ጧትም ማታም ቀርፋፋ ናት፤ ሰሌዳው ላይ ዲስኩ 100 ከመቶ ይላል። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞረው አሮጌ ዲስክ፣ ማሽኗ ስትነሣ ሳይጠሩ የሚመጡትን ፕሮግራሞች ሁሉ ማስተናገድ አቅቶት ኖሯል። የማያስፈልጉትን በስልክ እየተነጋገርን አገድናቸው፤ ጥቂት ተሻላት። ደመወዝ ሲወጣ የማይሽከረከረውን ዲስክ፣ ኤስኤስዲ የሚሉትን፣ ልታስገባ አስባለች።

እኔ ወደ ጠጋኙ አልተመለስሁም። ጽሑፌን ግን በዚያው ማታ በሁለት ፍላሽ ገልብጬ አንዱን ለእኅቴ ላክሁላት።