ከእንጦጦ ቁልቁል

የእግረኛ ብርድና የብስክሌት ብርድ ዝምድና የላቸውም። ታኅሣሥ ላይ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የወረደ ይመስክር! ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ ላይ ነፋሱን የሚሠራው ራሱ ነጂው ነው፣ በፈጠነ ቁጥር ይበርደዋል።

እናቴ «ጋቢህን ደርብ እንጂ ልጄ!» ትለኛለች። ጋቢ ለለቅሶ ቤት ይሁን፤ ጫፉ ጎማ ውስጥ ከገባ አለቀልህ። ወፍራም ካፖርትም አይረባም፦ ዳገቱ ላይ ያልብሃል፣ ቁልቁለቱ ላይ ያው ላብ በረዶ ይሆንብሃል። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ቶሎ አይደርቅም፤ ሱፍ ግን ረጥቦም ይሞቃል። ስለዚህ ከሥር ስስ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት እለብሳለሁ። ጫፍ ላይ ስደርስ ደረቴ ላይ አሮጌ ጋዜጣ እሸጉጣለሁ፤ የድሮዎቹ የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎችም ተራራ ሲወርዱ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። (ማንም ያላነበበው ርዕሰ አንቀጽ እዚህ ሥራ ያገኛል።) የሱሪዬን ጫፍ ካልሲ ውስጥ እከተዋለሁ፣ ሰንሰለት ሱሪ ይወዳላ!

ዋናው ግን እጅ ነው። ጣት ከደነዘዘ ፍሬን አይጨብጥም። በዚያ መንገድ ደግሞ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ፤ ሸክሙ ከኋላ የሚመጣውን አያሳያቸውም። ለደረቴ ጋዜጣ ይበቃዋል፤ ለጓንት ግን የወር የሻይ ገንዘቤን አውጥቻለሁ።