ማሳ

በመኪና ውስጥ ኤሌክትሪክ ሁለት መንገድ አለው፤ መሄጃና መመለሻ። መሄጃው ሽቦ ነውና ይታያል። መመለሻው ግን በአብዛኛው የመኪናው ገላ ራሱ ስለሆነ የሚያስታውሰው የለም። ባለሙያዎች «ማሳ» ይሉታል።

አባቴ ትቶልን ያለፈው ቮልስዋገን፣ እ.ኤ.አ. የ1970 ሥሪት፣ እናቴን በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት ያመላልሳል። ባለፈው ክረምት ሞተሪኖው እያቃሰተ መዞር አቃተው፤ የሰፈሩ ሰው እየገፋ ያስነሣልን ጀመር። ሁለት ጋራዦች «ባትሪው ሞቷል፤ አዲስ ግዙ» አሉን። ገንዘቡ ለባትሪ ከዋለ ለእጥበት የሚተርፍ የለም።

ኮልፌ ያሉ አንድ አዛውንት ኤሌክትሪሺያን ግን ለፍርድ አልቸኮሉም። የኋላውን ወንበር አነሡ፤ የቮልስ ባትሪ ከዚያ ሥር ነውና። «ቁልፉን አዙሪው ልጄ» አሉኝ። ሞተሪኖው እየታገለ እንኳ ባትሪው ከ11 ቮልት አልወረደም። ቀጥለው የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በመኪናው ገላ ላይ አሳርፈው እንደገና አስዞሩኝ። ግማሽ ቮልት እንኳ ማለፍ የሌለበት ንባብ 4 ሆነ።

«ባትሪው ይሰጣል፤ መመለሻው ነው የታፈነው» አሉ። የማሳው ሽቦ ከወለሉ ጋር የታሰረበትን ቡሎን ሲፈቱት ሥሩ ዝገት ብቻ ነበር። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገው አጠበቁት። ሞተሩ ባንዴ ተነሣ።

አንባቢ ሆይ፣ ብርሃን በደከመ ቁጥር የምንወቅሰው ሰጪውን ነው። በማግስቱ በእጥበት ክፍሉ ተቀምጬ፣ የእናቴ ደም በአንዱ ቱቦ ወጥቶ በሌላው ሲገባ፣ ዐይኔ ከመመለሻው ቱቦ አልተነሣም።