በ«አዎን» የተጠራ አገር

አገር ስሙን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከወንዙ፥ ከተራራው ወይም ከሰፈረበት ሕዝብ ነው። በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘው ላንግዶክ ግን የተሰየመው በአንዲት የንግግር ቃል ነው። «ላንግ» ቋንቋ፥ «ኦክ» ደግሞ በዚያ አገር አንደበት «አዎን» ማለት ነውና፥ ፍችው «የአዎን ቋንቋ» ይሆናል።

«ይህ» ማለት የሆነው የላቲኑ «ሆክ» በደቡብ «ኦክ» ሆኖ ቀረ። በሰሜን ሌላ ቃል ተጨምሮበት «ኦይል» ተባለ፤ የዛሬው ፈረንሳይኛ «ዊ» የተገኘውም ከዚሁ ነው። ኢጣልያዊው ባለቅኔ ዳንቴ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በላቲን በጻፈው ድርሰቱ ሦስቱን ዘመዳሞች ቋንቋዎች በ«ኦክ»፥ በ«ኦይል»ና በ«ሲ» ለይቷቸዋል። ሕዝብን በጦሩ ሳይሆን በአዎንታው መለየት ለእኛ እጅግ ያማረ ሐሳብ ሆኖ ይታየናል።

የቋንቋው ዕድል ግን እንደ ስሙ አላማረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1539 ዓ.ም. ንጉሥ ፍራንስዋ ቀዳማዊ የፍርድ ጽሑፍ ሁሉ በፈረንሳይኛ እንዲሆን አዘዙ። በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዓመትም በትምህርት ቤት በእናታቸው ቋንቋ የተናገሩ ሕፃናት ይቀጡ ነበር። በ«ኦክ» የተሰየመ አገር ልጅ «ኦክ» በማለቱ ተቀጣ፤ ከዚህ የባሰ እንግዳ ነገር ለማግኘት ያስቸግረናል።

በ2016 ላንግዶክ ከጎረቤቶቹ ጋር ተዋሕዶ «ኦክሲታኒ» ተባለ፤ ያችው «ኦክ» በአዲሱም ስም ውስጥ አለች። የጥንት መዲናው በነበረችው በቱሉዝ፥ የምድር ውስጥ ባቡር የየጣቢያውን ስም በፈረንሳይኛ ከጠራ በኋላ በዚያው በቀድሞው ቋንቋ ይደግመዋል።