ቀጭኑ እና ባለ ሦስት ዓይኑ

እህቴ ከሜሪላንድ ደወለች። ታናሼ ናት፤ ከሄደች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰላምታው፣ የጤናው ነገር፣ የብርዱ ነገር፣ የሽንኩርት ዋጋ ሁሉም በየተራው ተነሥቶ ከወደቀ በኋላ፣ «ጋሼ፣ ስልክህ ተሰነጠቀ አሉኝ» አለችኝ። ማን እንደነገራት አልጠየቅኋትም። ባሕር ማዶ ያለ ሰው የአዲስ አበባን ወሬ ከእኛ ቀድሞ ነው የሚሰማው።

«መስተዋቱ ነው እንጂ እሱስ ይሠራል» አልኳት።

«ተወው በቃ። ለገና የሚመጣ ሰው አግኝቻለሁ፤ አዲስ እልክልሃለሁ። ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ቀጭን ነው፤ ሌላው ካሜራው ጥሩ ነው። የቱ ይሁንልህ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ዕድሜ ልኩን ሥነ ጽሑፍ ላስተማረ ሰው አይቀርብም። «በአንድ በኩል ሲታይ፣ በሌላ በኩል ሲታይ» ማለት ሙያችን ነበር። «እስቲ ላስብበት» አልኳት፤ አሰብኩበትም። እውነቱን ለመናገር ትዳር ስይዝ እንኳን ይህን ያህል አላሰብኩም። (ባለቤቴ ይህን ዓምድ አታነብም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።)

ነገሩ ለማያውቅ አንባቢ እንዲህ ነው። አፕል የተባለው ኩባንያ እኛ የ2017ን ጓዝ ጠቅልለን ለ2018 ስንዘጋጅ፣ ጳጉሜን 4 ቀን፣ ሁለት ቀፎዎችን በአንድ መድረክ አስተዋወቀ። አንደኛው አይፎን ኤር ይባላል። ውፍረቱ 5.6 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 165 ግራም ነው፤ ከጀርባው ያለው ካሜራ አንድ ብቻ ነው። ሁለተኛው አይፎን 17 ፕሮ ነው። ውፍረቱ 8.75 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከ200 ግራም በላይ ሲሆን ከጀርባው ሦስት ካሜራ ተደርድሮለታል። የአንዱ መነሻ ዋጋ 999 ዶላር፣ የሌላው 1,099 ዶላር ነው። በብር ስንት ይመጣል እንዳትሉኝ! ሐምሌ 2016 ላይ የምንዛሪው ገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዶላርን በብር ማባዛት ለደም ግፊቴ ስል ትቻለሁ። ሳምሰንግም ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ያንኑ አድርጓል። ኤጅ ያለው ቀጭኑ 5.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከጀርባው ሁለት ካሜራ አለው፤ አልትራ ያለው 8.2 ሚሊ ሜትር ሆኖ አራት ተሸክሟል።

አዲስ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሞባይል በ1991 ዓ.ም. አገራችን ከገባ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይኸው ፈተና ገጥሞን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 ሞቶሮላ ሬዘር የተባለ፣ እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ቀጭን ስልክ አወጣ። ውፍረቱ 13.9 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ያን ጊዜ ጉድ ተባለ። ካሜራው ግን ሰውንና የመብራት እንጨትን ለመለየት የሚያስቸግር ነበር። በ2007 ደግሞ ኖኪያ ኤን95 መጣ፤ ባለ 5 ሜጋ ፒክስል ካሜራ፣ ግን 21 ሚሊ ሜትር የሚወፍር። በመምህራን ክበባችን ሁለቱንም የያዙ ባልደረቦች ነበሩኝ። ባለ ሬዘሩ ስልኩን በከፈተ ቁጥር ጠረጴዛው ሁሉ ዞር ይላል። ባለ ኤን95ቱ ኪሱ ያበጠ ምስኪን ነበር፤ ዛሬ የዚያን ዘመን ፎቶአችን ያለው ግን እሱ ዘንድ ብቻ ነው።

ያም ሆኖ ልቤ መጀመሪያ ያዘነበለው ወደ ቀጭኑ ነበር። ምክንያትም አላጣሁም። አንደኛ፣ የሸሚዜ ኪስ ነው። በዚህ ዕድሜ ስልክ የምይዘው በሸሚዝ ኪስ ስለሆነ ከበድ ሲል ሸሚዙን ወደ ግራ ይጎትተዋል፤ ጫማዬን ለማሠር ጎንበስ ስል ደግሞ ወድቆ ይሰነጠቃል። ሁለተኛ፣ ቀጭን ነገር እወዳለሁ። ተማሪዎቼን ሳስተምር ከአምስት መቶ ገጽ ልቦለድ ይልቅ የስምንት ገጽ አጭር ልቦለድ የጸሐፊውን አቅም ያሳያል እያልኩ ስንት ዓመት ተሟገትኩ። ሦስተኛውን ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፤ ካፌ ገብቼ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው ሰው እንዲያይልኝ ፈልጌ ነው። ሃምሳን ከተሻገሩ በኋላም እንዲህ ያለው ነገር አይለቅም ለካ!

ከመወሰኔ በፊት መገናኛ አካባቢ ስልክ የሚሸጥ የድሮ ተማሪዬ ዘንድ ጎራ አልኩ። ሥነ ጽሑፍ ተመርቆ ስልክ ይሸጣል፤ ከእኔ የተሻለ ይኖራል።

«ቲቸር፣ ነገሩ የቦታ ጉዳይ ነው» አለኝ። «ብርሃን በሌንሱ ገብቶ ሴንሰሩ ላይ ቅርጽ ይዞ እንዲያርፍ ርቀት ይፈልጋል። ሴንሰሩ ተለቅ ሲል ብዙ ብርሃን ይሰበስባል፤ ርቀቱም አብሮ ይረዝማል። ሩቁን የሚያቀርበው ሌንስማ ይብሳል። እሱን እንዲህ ቆሞ አያስገቡትም። ብርሃኑን በፕሪዝም እያጠፉ በስልኩ ሆድ ውስጥ ያስኬዱታል። ቀጭኑ ስልክ ለዚህ የሚሆን ሆድ የለውም።»

«ታዲያ ቀጭኑ አንድ ዓይና ነው በለኛ!»

«አንድ ዓይና ነው፤ ግን ዓይኑ ጥሩ ነው። 48 ሜጋ ፒክስል ነው። ፊት ለፊትዎ የቆመን ሰው ቢያነሡ ከወፍራሙ ብዙም አይለዩትም። ልዩነቱ የሚመጣው ከሩቅ ሲያነሡ ነው፤ አለበለዚያም ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁሉንም ሰው ላስገባ ሲሉ።»

ሲም ካርድ ማስገቢያውንም ጠየቅሁት። አሜሪካ የሚሸጡት ሁለቱም ማስገቢያ የላቸውም፤ ሲሙ አብሯቸው የተሠራ ነው። ስለዚህ በዚህ አይለያዩም። በባትሪ ግን ይለያያሉ። ቀጭኑ ባትሪውም ቀጭን ነው። መብራት ሲጠፋስ ብዬ ሳልጨርስ ተማሪዬ ሳቀ። ኩባንያው ለቀጭኑ ብቻ የሚሆን፣ ከጀርባው የሚለጠፍ ተጨማሪ ባትሪ በ99 ዶላር አውጥቷል። መጀመሪያ አቅጥነው ይሸጡልሃል፤ ቀጥሎ ማወፈሪያውን ይሸጡልሃል። ደግሞ 5.6 ሚሊ ሜትር የተባለው ካሜራው ያለበት ጉብታ ሳይቆጠር ነው። ቦርጬ ሳይቆጠር እኔም ቀጭን ነኝ።

ይህን ሁሉ ሰምቼም አልወሰንኩም። ቅዳሜ እናቴን ልጠይቅ ደብረ ብርሃን ሄድኩ።

ስለ አባቴ ፎቶ መናገር አለብኝ። አባቴ በ1987 ዓ.ም. ሲያርፍ ቤት ውስጥ ፎቶ ተፈለገና ጠፋ። የተገኘው የቀበሌ መታወቂያው ላይ ያለው ብቻ ነው፤ የማኅተሙ ግማሽ ክብ ትከሻው ላይ ያረፈበት ጉርድ ፎቶ። እኔ ራሴ ይዤ ፎቶ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ካሳደገው በኋላ ማኅተሙን ለመደበቅ ኮት ሣለበት። ኮት ካለበሰው አይቀር ብሎ ከረባት ጨመረለት። ሽበቱንም አጠቆረለት። አባቴ ዕድሜውን ሁሉ ካቦርትና ጋቢ እንጂ ከረባት አስሮ አያውቅም። እናቴ ፎቶውን ተቀብላ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፤ እስከ ዛሬ ግን በአባቴ ስም አትጠራውም። «ባለ ከረባቱ» ነው የምትለው። «ባለ ከረባቱን አቧራ አራግፉለት» ትላለች።

እናቴ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። የዚያን ቀን እንደ ወትሮዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትፈትል ነበር። እንዝርቱ ይሾራል፤ እሷ ግን አታየውም። ክሩ ሲቀጥን ጣቷ ያውቃል፤ ሲበጠስም ጣቷ ይቀጥለዋል። ሳላደንቃት አላልፍም። የተሰነጠቀውን ስልኬን አወጣሁና ፎቶ ላነሣት ጠጋ አልኩ። ወዲያው እንዝርቱን አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣመረች፣ ከንፈሯን ገጠመች። መታወቂያ ላይ የሚለጠፍ ሰው ሆነች።

«እማዬ፣ ፍተይ እንጂ። እንደሌለሁ አድርጊኝ» አልኳት።

«አለህ እኮ! እንዴት አድርጌ ነው እንደሌለህ የማደርግህ?»

ዝም ብዬ አነሣኋት። ትንሽ ቆይታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለለቅሶው ነው አይደል?» አለችኝ።

ስንት ዓመት ቃላት ስመርጥ የኖርኩ ሰው ቃል አጣሁ።

«አልከፋኝም» አለች። «እንደ ባለ ከረባቱ እንዳታደርጉኝ ብዬ ነው።»

«ለልጅሽ ነው፤ ለአሜሪካዋ። ናፍቃሻለች» አልኳት። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

«እንግዲያው ደህና አድርገህ አንሣኝ» አለችና ከንፈሯን መልሳ ገጠመች።

ፎቶው አልሆነም። መስኮቱ ከኋላዋ ስለነበረ ፊቷ ጠቁሯል። የሆነው ሆኖ በቴሌግራም ላክሁት።

ማታ እህቴ ደወለች። «እሺ ጋሼ፣ ወሰንክ?»

«አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?»

«ለአንተ ነው የምገዛው። እኔ ምን አገባኝ?»

«ብትሆኚ ነው ያልኩሽ።»

ዝም አለች። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«የምትልክልኝ ፎቶ ላይ እኮ» አለች፣ «የእማዬ ዓይን ታይቶኝ አያውቅም። ላቀርበው ብዬ ስጎትተው ይፈርስብኛል።»

እህቴ ወረቀቷ አላለቀም። ከወጣች እንደገና መግባቷ ስለማይታወቅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አልመጣችም። እናቷን የምታያት እኔ በላክሁላት መጠን ነው። ይህን አላውቅም ነበር ልበል? አውቃለሁ። አምስት ቀን ሙሉ ያሰብኩት ግን ስለ ሸሚዜ ኪስ ነበር። እሷም ስጦታ ከትእዛዝ ጋር እንዳይሆንባት ብላ «የቱ ይሁንልህ?» ከማለት አላለፈችም።

«ባለ ሦስት ዓይኑን ላኪልኝ» አልኳት።

«ከባድ ነው እኮ ጋሼ።»

«ኪሴን አሰፋዋለሁ።»

ስልኩ ለገና ደረሰ። እውነትም ከባድ ነው፤ ሸሚዜን ይጎትታል። በጥር ወር ደብረ ብርሃን ይዤው ሄድኩ። እናቴ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ትፈትል ነበር። አልተጠጋኋትም። አጥሩ ጥግ ሄጄ ሩቁን በሚያቀርበው ሌንስ አነሣኋት። የጎረቤት ዶሮ ጥጧን ልትጭር መጥታ ኖሮ፣ ቀና ብላ እየተቆጣቻት ሳለች ነው የተነሣችው። አፏ ከፈት ብሏል፣ ነጠላዋ ወደ ጎን ሸርተት ብሏል። እናቴ ናት። መጠኑ እንዳይቀንስ እንደ ፋይል አድርጌ ላክሁት፤ ቴሌግራም ፎቶን በዚያው በፎቶነቱ ሲልኩት ይጨምቀዋል። (ይህንንም ተማሪዬ ነው ያስተማረኝ።)

አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እህቴ ደወለች። የምታለቅስ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር።

«ጋሼ፣ ግራ ዓይኗ ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው?»

ፎቶውን ከፈትሁና በሁለት ጣቴ አቀረብሁት። አልፈረሰም። የግራ ዓይኗ ብሌን ላይ ወተት የመሰለ ነገር አለ። የዓይን ሞራ። በየወሩ እየመጣሁ፣ አጠገቧ ተቀምጬ ቡና እየጠጣሁ፣ ዓይኗን እያየሁ አላየሁትም። እንዝርቱን ሳታየው ስትፈትል ጥበብ ነው እያልኩ ሳደንቅ ከርሜያለሁ።

ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ። «እማዬ፣ በግራ ዓይንሽ ታያለሽ?»

«ብርሃኑን አያለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቆየ። ምን ያደርግላችኋል ብዬ ነው። አንተ ሥራ አለህ፣ እሷ ሩቅ ናት።»

የዓይን ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። ሞራው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፤ አጭር ሥራ ነው ብለው ቀጠሮ ሰጥተውናል። እንግዲህ እናቴም ሌንስ ሊገባላት ነው ማለት ነው፤ በቤታችን ካሉት ሌንሶች ሁሉ የሚበልጠው እሱ ይሆናል።

ቀጭኑን የገዛችሁ አንባቢዎቼ አትቀየሙኝ። የምትወዱት ሁሉ በክንድ ርቀት ካለ ቀጭኑ ይበቃችኋል፤ ኪሳችሁም ያመሰግናችኋል።

ከሐኪሙ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እናቴ ስልኬን እያየች፣ ማለትም በቀኝ ዓይኗ እያየች፣ «ይሄ ነው ያሳበቀብኝ?» አለችኝ።

«እሱ ነው።»

ተቀብላ በእጇ መዘነችው። «ይከብዳል» አለችና መለሰችልኝ።